ሶለል፦ ስሙ የጋረደው ጭፈራ

በየዓመቱ ነሐሴ ሲጋመስ ስለ ሻደይ፣ ስለ አሸንድዬ፣ ስለ አሸንዳና ስለ ሶለል የሚወጡ ጽሑፎች አቀራረባቸው አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ስሙ ከየት እንደመጣ ይጠየቃል፤ ቀጥሎ ሦስት ወይም አራት መላምት ይደረደራል፤ ከዚያ የልጃገረዶቹ ሹሩባ፣ ኩል፣ ድሪና ጥልፍ ቀሚስ ይዘረዘራል፤ በመጨረሻም በዓሉ ለቱሪዝም የሚሰጠው ጥቅም ተወስቶ ይዘጋል። ከዚህ ሁሉ መሀል ጎድሎ የሚገኘው ራሱ ጭፈራው ነው። እግር መቼ እንደሚነሣ፣ ክቡ እንዴት እንደሚዞር፣ ከበሮው ከጭብጨባው ጋር የት ላይ እንደሚገናኝ፣ ወገብ ላይ የታሰረው ሣር ለእንቅስቃሴው ምን እንደሚያደርግለት የሚነግረን ጽሑፍ ማግኘት ይቸግራል። የዚህ ዳሰሳ ክርክር አጭር ነው፦ ሶለል ከበቂ በላይ ተወድሷል፣ ከበቂ በታች ግን ታይቷል። ለዚህም ዋናው ምክንያት ምሁሩም ጋዜጠኛውም ስሙን የፈታ ሰው ጭፈራውን የፈታ ስለሚመስለው ነው።

በዓሉ የሚከበርበትን ምድርና ስሞቹን አንባቢ ያውቃቸዋል። በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል፤ በአክሱም ደግሞ ዓይኒ ዋሪ የሚባል ዘመድ አለው። የፍልሰታ ጾም ተፈትቶ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ለተከታታይ ቀናት ልጃገረዶች በቡድን ተሰባስበው ይጨፍራሉ፤ ከቤት ቤት እየዞሩ ባለቤቱን ያወድሳሉ፤ ስጦታ ይቀበላሉ። ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ዋጃ ለዚህ ርእስ የተመቸች ቦታ ናት። አካባቢዋ ወደ ደቡብ ሶለል፣ ወደ ሰሜን አሸንዳ የሚሉ ስሞች የሚገናኙበት ነው። አማርኛ፣ ትግርኛና አፋን ኦሮሞ ለዘመናት ጎን ለጎን የኖሩበት የራያ ቆላም ነው። አንድ ልማድ በስም ተለያይቶ በአካል ሲቀጥል ማየት የሚፈልግ አጥኚ ከዚህ የተሻለ የምልከታ ቦታ አያገኝም። ስሙ የሚቀየርበትን ድንበር በካርታ ማስመር ይቻል ይሆናል፤ ጭፈራው የሚቀየርበትን ድንበር ለማስመር ግን መጀመሪያ ጭፈራው መገለጽ ነበረበት፤ ያ ደግሞ አልተደረገም።

ወደ መላምቶቹ እንምጣ። አሸንዳና ሻደይ የሚሉትን ስሞች ልጃገረዶቹ ወገባቸው ላይ ከሚያስሩት ረጅም ለምለም ሣር ጋር የሚያያይዘው ማብራሪያ ከሁሉም ቀላልና ከሁሉም አሳማኝ ነው፤ ነገሩ በዓይን የሚታይ ነውና። ሌሎቹ ማብራሪያዎች ይህን ሣር ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ለማገናኘት የቀረቡ ናቸው። አንዱ ወደ ኖኅ ይወስደናል፦ የጥፋት ውሃ መጉደሉን ያበሰረችው ርግብ የያዘችው ለምለም ቅጠል የልጃገረዶቹ ሣር አብነት ነው ይላል። ሁለተኛው በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 11 ላይ ወደተጻፈው የዮፍታሔ ልጅ ታሪክ ይሄዳል፦ የእስራኤል ሴቶች ልጆች በየዓመቱ አራት ቀን ለእርሷ ሙሾ ያወጡ ነበርና የልጃገረዶች ዓመታዊ መሰባሰብ ከዚያ ይጀምራል ይላል። ሦስተኛው ደግሞ በዓሉን ከእመቤታችን ዕርገት ጋር ያያይዘዋል፦ ደስታውም ለምለሙም የዕርገቷ መታሰቢያ ነው ይላል።

እነዚህ ሦስቱ እኩል ክብደት የላቸውም፤ በአብዛኞቹ ጽሑፎች ግን እንደ እኩል እየተደረደሩ ይቀርባሉ። የዕርገቱ ማብራሪያ ጠንካራ ጎን ቀኑ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚጾመው ጾም፣ በ16 የሚውለው በዓልና የጭፈራው መጀመሪያ በአንድ ክር የተያያዙ ናቸው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ቀኑን ያስረዳ ማብራሪያ ሣሩን አላስረዳም፤ ሴቶች ብቻ ለምን እንደሚጨፍሩና ከቤት ቤት ለምን እንደሚዞሩም አልነገረንም። የኖኅ ርግብ ታሪክ ለምለሙን ብቻ ይዞ ቀኑንም ልጃገረዶቹንም ይተዋቸዋል፤ በዚያ ላይ ኦሪት ዘፍጥረት የሚናገረው ስለ ወይራ ቅጠል ነው። የዮፍታሔ ልጅ ታሪክ ልጃገረዶቹን ቢይዝም ስሜቱን ገልብጦታል፤ እዚያ ያለው ለቅሶ ሲሆን እዚህ ያለው እልልታ ነው። ለቅሶ በዘመን ብዛት ወደ ደስታ ሊለወጥ ይችላል የሚል ሰው ቢኖር ለውጡ የት ቦታ፣ በምን ደረጃ እንደተካሄደ ማሳየት ይጠበቅበታል። ይህን ያሳየን ግን የለም። ሦስቱም ማብራሪያዎች በዓሉን ለማክበር ያገለግላሉ፤ ጭፈራውን ለመረዳት ግን አንዳቸውም አንዲት እርምጃ አያስኬዱንም።

ከመጻሕፍቱ ይልቅ ወቅቱ የሚናገረው ነገር አለ። ነሐሴ የክረምቱ ወገብ ነው። የቆቦ ሜዳ የዓመት ልብሱን የለበሰበት፣ ማሽላው ያደገበት፣ በዞብል ተራሮች ሥር ሣሩ ከጉልበት በላይ የቆመበት ጊዜ ነው። ቆላው ዝናብ የሚያጥረው አገር በመሆኑ ልምላሜው በዓመት ውስጥ የአጭር ጊዜ እንግዳ ነው፤ የራያ ገበሬ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳው እየመራ ማሽላውን የሚያጠጣውም ለዚህ ነው። በእንዲህ ያለ ምድር ለምለም ሣር መታጠቅ የሚያስፈልገው ትርጓሜ ብዙ አይደለም። ሣሩ የሚታሰረው በዚያ ወቅት ስላለ ነው፤ ከዚያ ወር በኋላ ቢፈለግም ደርቋል። ይህ ማብራሪያ ከሃይማኖቱ ጋር አይጣላም፤ የገጠሩ የቀን መቁጠሪያ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ተጣብቆ የሚሄድ ነውና። ሆኖም ጥያቄውን ከስም ወደ ነገር ያዞርልናል፦ ሣሩ ምን ተብሎ ይጠራል ከማለት ሣሩ ምን ያደርጋል ወደማለት።

ስም ቦታን እንጂ ሥራን እንደማይነግር ለማሳየት ወሎ ራሱ ከበቂ በላይ ምሳሌ ይሰጠናል። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን ሁለቱ አምባሰልና ባቲ የወሎ ቦታዎችን ስም የያዙ ናቸው። ሆኖም አምባሰል የተባለውን ተራራ ወጥቶ ያየ ሁሉ የአምባሰልን ቅኝት አያውቅም፤ የባቲን ገበያ የዞረም ባቲን አይቃኝም። ቅኝቶቹን የምናውቃቸው እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ እንዳላቸው፣ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት አንዱን ከሌላው እንደሚለየው ባለሙያዎች ስለነገሩን ነው። አንድ የማሲንቆ ተማሪ ቅኝቱን ሳይለይ ስለ ባቲ ስም አመጣጥ ቢተርክ መምህሩ የሚሰማው አይመስለኝም። በሙዚቃ የማንፈቅደውን ነገር በጭፈራ ለምን እንደምንፈቅድ ሊጠየቅ ይገባል።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ብንወስድ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። በስኮትላንድ የገጠር ጭፈራዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ስም አላቸው፤ በሰው፣ በቦታ፣ በክስተት ይሰየማሉ። ከእነዚህ አንዱ የ51ኛው ክፍለ ጦር ሪል የሚባለው ነው። ስሙ የመጣበት ታሪክ ያለ ምንም መላምት በመዝገብ የሚገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1940 የስኮትላንድ ደጋ ሰዎች የሚበዙበት 51ኛው ክፍለ ጦር በሰሜን ፈረንሳይ ጠረፍ ሳን ቫለሪ ላይ ለጀርመኖች እጁን ሰጠ፤ ባቫርያ ውስጥ በላውፈን ምርኮኛ ሆነው የተያዙ መኮንኖች እዚያው ሆነው ጭፈራውን ፈጠሩት። መሀሉ ላይ ጨፋሪዎቹ ተያይዘው የሚሠሩት የሰያፍ መስመር የቅዱስ እንድርያስን መስቀል፣ ማለትም የአገራቸውን ሰንደቅ ምልክት ያሳያል። ጭፈራው በመጀመሪያ ከምርኮው ስፍራ ከላውፈን ጋር ተያይዞ ይጠራ ነበር፤ የክፍለ ጦሩ ስም ጸንቶ የቀረው ኋላ ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚነሣው ነጥብ ይህ ነው። ስሙ እንዲህ ልብ የሚነካ ታሪክ ይዞም ስኮትላንዶች ጭፈራውን ያቆዩት ታሪኩን በመተረክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1923 በግላስጎው የተመሠረተው የገጠር ጭፈራ ማኅበራቸው ጭፈራዎቹን በተራ ቁጥር በሚወጡ መጻሕፍት ሲያሳትም ስንት ጥንድ እንደሚሰለፍ፣ ሙዚቃው ስንት ምት እንዳለው፣ በየስምንቱ ምት ማን ወዴት እንደሚሄድ ይጽፋል። በዚህም ሳን ቫለሪን በካርታ የማያውቅ የጃፓን ወይም የካናዳ ሰው መጽሐፉን ከፍቶ ያንን መስቀል በአካሉ መሥራት ይችላል። የስሙን ታሪክ የማወቅ ደስታ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ምርቃት ነው። እኛ ዘንድ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፤ ምርቃቱን ይዘን ዋናውን ገበያ ላይ ረስተነዋል።

እንቅስቃሴን በቃል መግለጽ ለእኛ ባህል እንግዳ ነው የሚል ካለ ቤተ ክርስቲያናችን መልስ ትሰጠዋለች። የአቋቋም ትምህርት ቤት ካህናቱ ከበሮውን፣ ጸናጽሉንና መቋሚያውን ይዘው እንዴት እንደሚቆሙ፣ እንዴት እንደሚያሸበሽቡ የሚያስተምር ራሱን የቻለ ሞያ ነው። ዝማሜ፣ መረግድ፣ ጽፋት፣ ወረብ የሚሉት ስሞች ለአንድ ዜማ የሚሰጠውን የእንቅስቃሴና የምት ዓይነት አጥርተው ይለያሉ። አንድ ደብተራ ይህን ለመማር ዓመታት ይፈጅበታል፤ የተማረውም ሰው መረግዱ ቢዛባ የት ላይ እንደተዛባ በስሙ ጠርቶ ያርማል። ስለዚህ ቋንቋው አለን፤ ዘዴውም አለን። በነሐሴ 16 ሌሊት ካህናቱ በቅኔ ማኅሌት የሚያሳዩት እንቅስቃሴ እያንዳንዱ ክፍል ስም አለው። በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ልጃገረዶቹ በደጅ የሚያሳዩት እንቅስቃሴ ግን በጥቅሉ ጭፈራ ተብሎ ይታለፋል። ይህ ልዩነት ከቅድስናና ከዓለማዊነት ልዩነት ብቻ የመጣ ነው ማለት ያዳግታል። የወንዶቹ እውቀት ተብሎ ተከበረ፤ የሴቶቹ ውበት ተብሎ ታለፈ። ስለ ሶለል የሚጽፉ ሰዎች የልጅቷን ጸጉር አሠራር ከቁንጮ እስከ ሹሩባ ሲዘረዝሩ እግሯን አንድም ጊዜ አለማየታቸው የዚህ ልማድ ውጤት ነው።

እግሯንና ወገቧን ብናይ ምን እናገኛለን? በመጀመሪያ የሚታየው የሥራ ክፍፍል ነው። ከበሮዋን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው ልጅ ምቱን ትይዛለች፤ አውራጇ ግጥሙን ታወርዳለች፤ ተቀባዮቹ በጭብጨባና በዝማሬ ይመልሳሉ። ክቡ ከመሀል ገብተው ለሚጫወቱት ግድግዳም ተመልካችም ነው። እንቅስቃሴው የሚነሣው ከጉልበት ነው፤ ጉልበት በአጭሩ ይታጠፋል፣ ወዲያው ይዘረጋል፤ ያ ትንሽ መስፈንጠር ወደ ወገብ ይተላለፋል፣ ከወገብም ወደ ትከሻና ወደ አንገት ይደርሳል። በሰሜኑ ደጋ በእስክስታ ዓይን የሚማርከው ትከሻ ነው፤ በራያ ጭፈራ ደግሞ እግር ምድርን መምታቱና ሰውነት ወደ ላይ መነሣቱ ጎልቶ ይታያል። ሶለል በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቆሞ ማዕከሉን ወገብ ላይ አድርጓል። ሣሩ የታሰረውም እዚያው ላይ ነው፤ ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይደለም።

ሣሩ ጌጥ ነው ተብሎ ይጻፋል። ጌጥነቱ እውነት ቢሆንም ሣሩ ከጌጥነት የሚበልጥ ሥራ አለው፤ ምቱን በዓይን የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ጥልፍ ቀሚስ ሰፊ ስለሆነ ጉልበት ላይ የሚሆነውን ይሸፍናል፤ ሣሩ ግን ከቀሚሱ ውጭ ስለሚንጠለጠል የተሸፈነውን እንቅስቃሴ አውጥቶ ይናገራል። በዚያ ላይ የራሱ ክብደት ስላለው ወገቡ ወደ ግራ ሲሄድ ሣሩ ጥቂት ዘግይቶ ይከተላል፤ ወገቡ ተመልሶ ወደ ቀኝ ሲዞር ሣሩ ገና ወደ ግራ እየተወረወረ ነው። በዚህም ከአንድ አካል ሁለት ምት ይወጣል፦ አንዱ የልጅቷ፣ ሌላው የሣሩ። ጎበዝ ጨፋሪ የምትለየው በዚህ ነው። ጀማሪዋ ፈጥና ስለምትወዛወዝ ሣሩ የሚወዛወዝበት ጊዜ አጥቶ ከቀሚሷ ላይ ተለጥፎ ይንቀጠቀጣል፤ የበሰለችው ግን ሣሩ የሚመለስበትን ቅጽበት ጠብቃ ቀጣዩን ምት ትጀምራለች፤ ሣሩ ሙሉውን ዙር ይሄዳል። አሥርና አሥራ አምስት ልጃገረዶች ይህን በአንድነት ሲያደርጉ ከክቡ ውጭ የቆመ ሰው የሚያየው የሰውነታቸውን እንቅስቃሴ ብቻ ሳይሆን በክቡ ዙሪያ የሚዞረውን አረንጓዴ ማዕበል ጭምር ነው። ይህ የሚገኘው በልምምድ ነው፤ ውበት በሚል አንድ ቃል ተጠቅሎ ሊቀመጥ የማይገባው ሞያ ነው።

ሣሩ በየቀኑም አንድ ዓይነት አይሆንም። በመጀመሪያው ቀን የታጨደው እርጥብና ከባድ ነው፤ ድምፁ ትንሽ፣ ውዝዋዜው ሰፊ ነው። በማግስቱ እየጠወለገ ሲሄድ ይቀላል፤ ውዝዋዜው ያጥራል፤ የደረቀው ጫፍ እርስ በርሱ ሲፋተግ መንሿሿት ይጀምራል። አዲስ ካልታጨደ በቀር ያው ሣር ከመሣሪያነቱ ሳይወጣ ከሚታይ ወደሚሰማ ነገር ይለወጣል። ልጃገረዶቹ አዲስ ሣር የሚያጭዱበት ድግግሞሽ፣ የሚመርጡት ርዝመት፣ ሣሩን ሳስ ወይም ወፈር አድርገው መታጠቃቸው ሁሉ በጭፈራው ፍጥነት ላይ ውጤት አለው። አንድ ተመራማሪ ይህን በአንድ ቀበሌ ለአንድ ሳምንት ቢከታተል ስለ ሶለል የሚያበረክተው እውቀት ስለ ስሙ እስካሁን ከተጻፈው ሁሉ ይበልጣል።

የመድረኩ ጉዳይ እዚህ ላይ ይነሣል። በዓሉ በከተማ አዳራሽና በስታዲየም ሲቀርብ በመጀመሪያ የሚጠፋው ክቡ ነው። ልጃገረዶቹ ለተመልካች ፊታቸውን አዙረው በመስመር ይቆማሉ፤ የድምፅ ማጉያው የከበሮዋን ሥልጣን ይነጥቃታል፤ ተመልካችን ላለማሰልቸት ምቱ ይፈጥናል። ምቱ ሲፈጥን ደግሞ ከላይ እንደተባለው ሣሩ የሚመለስበት ጊዜ ያጣል፤ የጭፈራው ረቂቅ ነገር በዚያው ይሞታል። ከሁሉ የከፋው ግን የቤት ለቤት ዙሩ መቅረቱ ነው። በደጅ ላይ ባለቤቱ በስሙ ይወደሳል፤ እጁ ቢያጥርም በቀልድ ይነካል፤ አውራጇ ያንን ቤት አይታ እዚያው ግጥም ትፈጥራለች። በመድረክ ላይ ባለቤት የለም፤ የሚወደሰው ስፖንሰርና ባለሥልጣን ነው። የባህል ቡድኖቻችን ለዘመናት ወሎን በአንድ ልብስና በአንድ እስክስታ ጠቅልለው ማቅረባቸው ያደረሰውን ጉዳት ስናስብ ሶለልም በተመሳሳይ ጥድፊያ አረንጓዴ ቀበቶ የታሰረበት እስክስታ ሆኖ እንዳይቀር መስጋት ተገቢ ነው።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ ከባድ ነው፤ ሊናቅም አይገባም። ስም ማንነት ነው፤ ሶለልን ሶለል ብሎ መጥራት የቆቦን ሰው መኖር ማወቅ ነው፤ ስሙን ችላ በሉ ማለት ለትልቁ ስም አሳልፎ መስጠት ነው የሚል ነው። ራያ የአስተዳደር ወሰን ሙግት ያለበት አካባቢ በመሆኑ ይህ ስጋት ከሜዳ የመጣ አይደለም። የልጃገረዶቹን በዓል በዩኔስኮ ለማስመዝገብ ሲታሰብ ስሞቹ ሁሉ ጎን ለጎን መሰለፋቸውም ከዚሁ የመነጨ ነው። ነገር ግን ስሙን ብቻ መከላከል ስሙንም አያድነውም። ሶለል ከአሸንዳ በምን ይለያል ተብሎ ሲጠየቅ ያለን መልስ በስሙ ይለያል የሚል ብቻ ከሆነ ልዩነቱን ራሳችን ባዶ አድርገነዋል። በምቱ፣ በዙሩ፣ በግጥሙ አወራረድ፣ በሣሩ አስተሳሰር የሚለይ ከሆነ ያ ልዩነት ሲገለጽ ስሙ የሚቆምበት መሬት ያገኛል። አንድ ሆኖ ቢገኝስ? ያን ጊዜ ደግሞ ለሁለቱም ወገን ከወሰን ሙግት የሚበልጥ ዜና ይሆናል።

ጭፈራው ስሙን ብቻ ይዞ የመቅረት አደጋው ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ያለፈው ጦርነት አሳይቷል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ቆቦ በጦርነት ውስጥ ነበረች። በተከታዩ ዓመት ቆሞ የነበረው ውጊያ ዳግም በቆቦ አካባቢ የተቀሰቀሰው ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ የሶለል ሦስተኛ ቀን ላይ። ሁለት ዓመት በተከታታይ በዓሉ የሚውልባቸው ቀናት የስደትና የሰቆቃ ቀናት ሆነው አለፉ ማለት ነው። በዓሉ የሚተላለፈው ታላቂቱ ልጅ ለታናሺቱ በማሳየት ነው፤ ልጃገረድ ደግሞ ልጃገረድ ሆና የምትቆየው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ ሁለት ነሐሴ መጉደል የአንድ ሙሉ የልጃገረድ ትውልድ ትምህርት መጉደል ነው። ስሙ ይህን ሁሉ ተሻግሮ ይኖራል፤ ስም በወረቀት ላይ ይቀመጣልና። በወረቀት ላይ ያልተቀመጠው ጭፈራ ግን ልጆቹ በተበተኑ ቁጥር አብሮ ይበተናል። ከላውፈን ምርኮኞች የምንማረው ትልቁ ነገርም ይኸው ነው፤ በግዞት ውስጥ ሆነው የፈጠሩትን ጭፈራ እርምጃውን በእርምጃ ጽፈው ለማያውቁት ሰው አደረሱት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከጭፈራ ወዳጆች የሚመጣ ነው፦ ጭፈራን መጻፍ ማድረቅ ነው፤ አንዱ መልክ ትክክለኛ ተብሎ ሲጻፍ ሌሎቹ ስሕተት ይሆናሉ። ለዚህም የስኮትላንዱ ማኅበር ራሱ ማስረጃ ይሆናል፤ በመጽሐፍ የወጣው አጨፋፈር የአካባቢ ልዩነቶችን እንደዳጠ የሚወቅሱት ብዙዎች ናቸው። ወቀሳው ትክክል ነው። መድኃኒቱ ግን አለመጻፍ አይደለም፤ ብዙ አድርጎ መጻፍ ነው። የዋጃው፣ የቆቦው፣ የላሊበላው፣ የሰቆጣው፣ የመቀሌው እያንዳንዱ ከነቀኑና ከነቦታው ቢመዘገብ አንዱ የሌላው ዳኛ አይሆንም። እንዲህ ያለ ሥራ ደግሞ በአገራችን ያልተሞከረ አይደለም። ሃንጋሪያዊው የጭፈራ ተመራማሪ ግዮርጊ ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1965 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ያየውን በ1967 በዓይነት ለይቶ አሳትሟል። ቲቦር ቫዳሲም በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መጽሔት ላይ ከ1970 እስከ 1973 በሦስት ተከታታይ ጽሑፎች የኢትዮጵያን ሕዝባዊ ጭፈራ ሲዳስስ ሦስተኛው ክፍል ወሎን ይመለከት ነበር። ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። በዚያ ዘመን በጥቂቶች እጅ ብቻ የነበረው ተንቀሳቃሽ ምስል መቅረጫ ዛሬ በእያንዳንዱ ወጣት ኪስ ውስጥ አለ፤ የቀረጸውን የሚያነብ ሞያ ግን አላሳደግንም። የነሐሴ ቪዲዮ ሞልቷል፤ ይህ እርምጃ ይህ ነው ብሎ የሚያስረዳ ግን የለም።

ስለዚህ ፍርዱ ግልጽ ነው። ስለ ሶለል ስም የሚደረገው ክርክር ሊሰጠን የሚችለውን ሰጥቶ ጨርሷል፤ ሌላ መላምት መጨመር ሌላ እውቀት መጨመር አይደለም። በአካባቢው ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ አንዱ ወልዲያ፣ ሌላው ማይጨው ያለው የራያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለቱ በአንድ ነሐሴ፣ በአንድ ዘዴ፣ ቆቦንና ዋጃን፣ አላማጣንና ላስታን ቢመዘግቡ፣ የአቋቋም መምህራንን የምትና የእንቅስቃሴ ቃላት ቢዋሱ፣ ከሁሉም በላይ ከበሮ የምትመታዋንና ግጥም የምታወርደዋን ልጅ እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ባለሞያ ቢጠይቁ በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶ የስም ማብራሪያ የሚበልጥ ሥራ ይሠራሉ። የባህል ቢሮዎችም በዓሉን ከሚያስተዋውቁበት ገንዘብ ላይ ለዚህ ሥራ ድርሻ ሊቆርሱ ይገባል። በሚቀጥለው ነሐሴ ስለ ሶለል ለመጻፍ ብዕር የሚያነሣ ሰውም ቢያንስ አንድ አንቀጽ ለእግራቸው ይስጥ።